ለዲሪቤ የተቀመጠ ጠርሙስ

መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው በቡና ስኒ አፍ ላይ ዙሪያውን የተለጠፈ ጨው ነው።

መቱ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነበር። በ1962 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት አገልግሎት በአስተማሪነት ልኮኝ፣ ነመራ ከሚባል የቡና መጋዘን ጠባቂ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። በዚህ አገር ቡና በጨው እንደሚጠጣ አስቀድሜ ሰምቻለሁ፤ ያ ጨው ግን ስኒው ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ነመራ የሚያደርገው ሌላ ነበር። ሎሚ ለሁለት ይሰነጥቅና የስኒውን አፍ ዙሪያውን ያሸዋል፤ ከዚያ ስኒውን ደፍቶ፣ ደቃቅ ጨው በተነጠፈበት ሰሃን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያዞረዋል። ሲያቀናው ጨዉ እንደ ጥቅምት ውርጭ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ቡናው የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው። ብቻውን ለሚጠጣት አንዲት ስኒ ይህን ሁሉ ሲደክም አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

“ይህን ማን አስተማረዎት?” አልኩት።

“‘እርስዎ’ አትበለኝ” አለኝ፣ ስኒውን በዝግታ ወደ ብርሃኑ እያዞረ። “እርስዎ የሚለኝ አንድ ሰው ይበቃኛል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ “ጋሼ ነመራ፣ አንተ” እለው ጀመር። አፌ እስኪለምደው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

አርባ ዓመት የሞላው፣ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ የጎበጠ ሰው ነው። ጥፍሮቹ ሁልጊዜ ንጹሕ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከቡና ጆንያ ጋር የሚታገል ሰው እንዲህ ያለ እጅ እንዴት እንደኖረው ይገርመኝ ነበር። የሚኖረው ብቻውን ነው። ቤቱ ውስጥ ከአልጋውና ከጠረጴዛው ሌላ ዓይን የሚገባ ዕቃ ቢኖር፣ ግድግዳው ላይ በተቸነከረች ጣውላ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው የቆሙ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እግሩ እንደ አበባ አገዳ የቀጠነ፣ አፉ ሰፊ ብርጭቆ ነው። ሁለተኛው ተከፍቶ የማያውቅ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ እሾሃማ ቅጠሎቹን ወደ ላይ የዘረጋ፣ ሬት የሚመስል ተክል ተስሏል።

ነገሩን መጀመሪያ የነገሩኝ እትዬ ኡምሰልማ ናቸው። ከግቢያችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው አሮጊት ናቸው፤ ነመራ ጨውና ሎሚ የሚገዛው ከእርሳቸው ነው።

“ያ ጠርሙስ ተኪላ የሚሉት ነው” አሉኝ። “እኔ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ ሽታውንም አላውቀው። አሠራሩን ግን ከአንተ ከተማሪው የበለጠ አውቃለሁ። መቱ ውስጥ የማያውቅ የለም።”

“ሰው ሁሉ እንዴት አወቀ?”

“ለቅሶ ላይ ተነቦ ነዋ።”

“የማን ለቅሶ ላይ?”

“የራሱ” አሉ፣ ለሌላ ገበያተኛ ጨው እየሰፈሩ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የቀረውን ነመራ ራሱ ነገረኝ፤ ዝናብ ከቤት ባላስወጣን እሑዶች፣ ጥቂት በጥቂት።

በ1947 ዓ.ም.፣ ዲሪቤን ባገባ በዓመቱ፣ ሥራ ፍለጋ አስመራ ሄደ። እዚያ በአሜሪካኖች ሰፈር፣ በመኮንኖቹ ክበብ ውስጥ መጀመሪያ ብርጭቆ አጣቢ፣ በኋላ መጠጥ ቀጂ ሆነ። ራሞን የሚባል፣ የሜክሲኮ ድንበር አጠገብ የተወለደ ሳጅን አንድ መጠጥ አስተማረው። ሦስት እጅ ተኪላ፣ ሁለት እጅ የብርቱካን አረቄ፣ አንድ እጅ ሎሚ፤ ከበረዶ ጋር መናጥ፤ የብርጭቆው አፍ ላይ ጨው። ስሙ ማርጋሪታ ነው፤ ሳጅኑ የሴት ስም ነው አለው።

“መጀመሪያ ስቀምሰው ምን ሆንኩ መሰለህ?” አለኝ ነመራ። “ጨዉ ከንፈሬን ሲነካው መቱ የገባሁ መሰለኝ። ዲሪቤ ይህን በቀመሰችው አልኩ። ጠላ ስትጠምቅ ሰፈሩ ያወቃት ናት። ማንም ሳይቀምስ እሷ ነበረች የምትቀምሰው፤ ዓይኗን ጨፍና። ዓይኗን ከመክፈቷ በፊት ፊቷን አይቼ ጠላው መድረሱን አውቅ ነበር።”

ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ፣ ደርበው የሚባል የበደሌ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ነመራ የገዛ ካፖርቱን ሰጠው፤ ለታናሽ ወንድሜ ለኢቲቻ አድርስልኝ ብሎ። ደርበው መንገድ ላይ በረደውና ካፖርቱን ለበሰው። የተሳፈረበት የጭነት መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ገደል ገባ። ሬሳውን መንገደኞች እዚያው ቀበሩት፤ ካፖርቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መቱ ደረሰ። ኮሌታው ውስጥ የነመራ ስም በቀይ ክር ተጠልፏል። ዲሪቤ ሙሽራ ሳለች፣ ሰው በከሰል የጻፈላትን ፊደል በመርፌ እየተከተለች የጠለፈችው ነው። የገዛ ክሯን አየችና ጮኸች። ድንኳን ተተከለ። ካፖርቱ ድንኳኑ መሐል ተሰቅሎ ሦስት ቀን ተለቀሰ።

በሦስተኛው ወር የነመራ ደብዳቤ መጣ።

“ታዲያ ያኔ በሕይወት መኖርህን አላወቁም?” አልኩት።

“በምን ያውቃሉ? ያኔ ክረምት ከገባ መንገዱ ተቆርጦ አንድ ደብዳቤ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ቀኑ የተጻፈበት ጥግ ደግሞ በዝናብ ርሶ ጠፍቷል። ሳይሞት በፊት የላከው ነው አሉና እንደገና ለቅሶ ተቀመጡ። መሪጌታው ሦስት ጊዜ አነበቡላቸው። ስለ ጤና ወይም ስለ ናፍቆት ብጽፍ ምናለበት። የጻፍኩት ስለ መጠጥ ነበር። ሦስት እጅ፣ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ። ስመጣ በገዛ እጄ ሠርቼ አጠጣሻለሁ፣ ጠብቂኝ ብዬ። መሪጌታው ‘ሁለት እጅ የብርቱካን አረቄ’ ሲሉ ለቀስተኛው ደረቱን ይደቃ ነበር አሉ።”

ለደብዳቤው መልስ አልመጣለትም። ለሞተ ሰው ማን መልስ ይጽፋል? ነመራ ግን መሞቱን አያውቅም። ሚስቱ የረሳችው መሰለው፤ አኮረፈ፤ መጻፉን ተወ።

“ለስንት ጊዜ?”

“ለአምስት ዓመት።” ንጹሕ ጥፍሮቹን እያየ ነበር። “የገደለኝ ካፖርቱ አይደለም። ኩርፊያው ነው። አንድ ደብዳቤ ብደግም ኖሮ…”

ለቅሶው ካለፈ ከዓመት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በአገሩ ወግ ባሏ የሞተባትን ሴት የሟቹ ወንድም ይወርሳታል። ኢቲቻ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሁለት ቀን ጫካ ገብቶ እንደተደበቀ ይነገራል። በመጨረሻ ወረሳት። ነመራ በ1956 ጠርሙሱንና ብርጭቆውን በሸሚዝ ጠቅልሎ መቱ ሲገባ፣ በሩን የከፈተችለት ዲሪቤ አንድ ልጅ አዝላ ሌላውን በእጇ ይዛ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። የሞተ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚደረግ ወጉ አይናገርም፤ ስለዚህ ከዘራቸውን መሬት ለመሬት ያዞሩ ነበር። ፍርዱን የሰጠው ነመራ ነው። “ልጆቹ ከአባታቸው አይለዩ” አለና ከከተማው በዚህኛው ጫፍ ቤት ሠራ።

ከዚያ ወዲህ ዲሪቤ ለእርሱ የታናሽ ወንድሙ ሚስት ናት። መንገድ ላይ ስታገኘው ለባል ታላቅ ወንድም እንደሚገባው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ “ደህና ዋሉ?” ትለዋለች። እርስዎ የሚለኝ አንድ ሰው ይበቃኛል ያለው ያኔ ገባኝ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ወሬ መጣ። ኢቲቻ ደምቢ ዶሎ የወንጌላውያን ትምህርት ቤት ሊያስተምር ነው፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና። በዋዜማው እሑድ ሊሰናበቱት እንደሚመጡ ላኩበት።

ነመራ መልእክቱን ሰምቶ ነጩን ጨርቅ ከጠርሙሱ ላይ ገለጠው።

“ስድስት ዓመት አንድ ከተማ ውስጥ ኖረን አልከፈትኩትም” አለኝ። “በምን አመካኝቼ ልጥራት? አሁን እግሯ ራሱ ሊያመጣት ነው። ከዚህ ከሄደች አትመለስም። ብዙ ነገር ቃል ገብቼላት ነበር፤ የቀረኝ ይህ አንድ ነው። እሱንም ካልፈጸምኩ ያ ሁሉ ለቅሶ ልክ ነበር ማለት ነው።”

ሥራውን የዚያኑ ቀን ጀመረ። መቱ ውስጥ የብርቱካን አረቄ አይገኝም። ኮምጣጣ ብርቱካን ልጦ፣ ከልጣጩ ውስጥ ነጩን በቢላዋ ፍቆ አወጣና ካቲካላ ውስጥ ዘፈዘፈው። ነጩ ከቀረ ይመርራል አለኝ። ከያዮ የመጣ የጫካ ማር ጨመረበት። በየማለዳው ጠርሙሱን አንሥቶ በፀሐይ ያየዋል፤ ከቀን ወደ ቀን ወርቅ እየመሰለ ሄደ። ለመናጫ ክዳኑ የሚጠብቅ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘ። ለልምምድ በተኪላው ፋንታ ካቲካላ እያደረገ ይሠራል፤ ቀማሹ እኔ ነኝ፤ ሎሚ የምጨምቀውም እኔ።

“እንዲያ አትጨፍልቀው” ይለኛል። “ልጣጩን ካስጨነቅኸው ይቀየምሃል፤ ምሬቱን ይሰጥሃል። ዝግ በል።”

እትዬ ኡምሰልማ ሎሚውን ሲቆጥሩለት ዓይናቸውን አጠበቡ።

“ሃያ ሎሚ? ጉንፋን ነው ወይስ ፍቅር?”

“ሁለቱም ነው፣ እትዬ።”

“ጉንፋኑስ ይለቅህ ይሆናል” አሉት።

የቀረው በረዶ ብቻ ነበር። በረዶ የሚገኝበት ቦታ ስለሌለ ጠርሙሱን ምንጭ ውስጥ ሊያቀዘቅዘው አሰበ። እሑድ ስምንት ሰዓት ገደማ ግን ሰማዩ ጠቆረና ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚዘራ መሰለ። ወጥተን አየን። በረዶ ነው፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ። ነመራ ሳፋ ይዞ ግቢው መሐል ቆመ። በረዶው ራሱን እየመታው፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጥፎ፣ ሳፋውን ወደ ላይ ዘርግቶ ይስቅ ነበር። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ዓለም ለአንድ ሰው ብላ ከላይ ዕቃ ስታቀብል አይቼ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ነመራ ሸሚዙን ቀይሯል። ኢቲቻ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና ግቢውን እያየ፣ “ጋሼ፣ ጨው ወዳድነትህ ሰማይም ደርሷል፤ ግቢውን ሞላልህ እኮ” አለ። ነመራ ወንድሙን ትከሻውን መታ አደረገው። ዲሪቤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ ሴት ናት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ዕቃ በሚታሰርበት ቤት ከጎረቤት ጋር ቀርተዋል። እኔ ልወጣ ስል ነመራ፣ “ሎሚውን ማን ይጭመቅልኝ?” ብሎ አስቀረኝ።

ጠርሙሱን ከጣውላው አወረደ። ክዳኑ ሲከፈት አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማ። በስኒ ሦስት ሰፈረ። ከብርቱካኑ ሁለት። ከሎሚው አንድ። በረዶውን በእፍኙ ጨመረና ጣሳውን ትከሻው ድረስ አንሥቶ ናጠው። የአስመራው ነመራ ያኔ ታየኝ፤ ጎባጣው ትከሻ ቀና ብሎ፣ ክንዱ እንደ ከበሮ መቺ ክንድ ጊዜውን ጠብቆ። የብርጭቆውን አፍ በሎሚ አሽቶ በጨዉ ላይ አንዴ አዞረው። አጥልሎ ቀዳ። ቀለሙ ጭጋግ የገባበት ንጋት ይመስል ነበር። በሁለት እጁ ለዲሪቤ አቀረበላት።

በሁለት እጇ ተቀበለችው። አልጠጣችም። ብዙ ጊዜ አየችው።

“ሦስት እጅ ተኪላ” አለች ቀስ ብላ። “ሁለት እጅ የብርቱካን አረቄ። አንድ እጅ ሎሚ። ብርጭቆው አፍ ላይ ጨው፤ እንዳይበዛ። እንዲህ ብለህ ነበር የጻፍከው።”

ነመራ ፎጣውን አነሣ።

“አሥራ አንድ ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ።” ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅዋ ወደ ወትሮው ተመለሰ። “ግን አልጠጣም። ጸሎት ቤት ከገባን ጀምሮ መጠጥ ትቻለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። አልነገሩዎትም?”

የነገረው አልነበረም። እትዬ ኡምሰልማ በኋላ፣ “አገር የሚያውቀውን እሱ እንዴት ያጣዋል ብዬ ነው” አሉኝ። እኔም ወንጌላውያኑ እንደማይጠጡ አውቃለሁ፤ ዲሪቤ ወደዚያ እንደምትሄድም አይቻለሁ። በዚያ ሁሉ ልምምድ መሐል አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ነመራ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ራቅ ብሎ ኖሯል። ሲጠብቃት የኖረው ዓይኗን ጨፍና ጠላ የምትቀምሰውን ልጅ ነው።

“ጋሼ እንዲህ ደክሞ…” አለ ኢቲቻ ባርኔጣውን እያሻሸ። “አንዲት ጉንጭ ብትቀምሺ እኔ ምንም አልልም።”

“እኔ እላለሁ” አለችው።

ጣሳው ውስጥ በረዶው ሲቀልጥ ይሰማ ነበር። ነመራ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አጥቶ በፎጣ ያደርቃቸዋል፤ ደርቀዋል፤ እንደገና ያደርቃቸዋል። ዲሪቤ እነዚያን እጆች አየች።

“ሎሚውና ማሩ ብቻውን አይሆንም?” አለች። “በውሃ ተበጥብጦ። ጨዉም ይኑርበት። በገዛ እጄ ነው ያሉት፤ እጁ ያው እጅ ነው።”

መጠጡን ወደ ጣሳው መለሰ። ብርጭቆውን አጠበ፤ እንደ አዲስ በሎሚ አሸው፤ እንደ አዲስ ጨው አስያዘው። ማሩን በውሃ በጠበጠ። እኔ ሎሚ ጨመቅሁ፤ ልጣጩን ሳላስጨንቅ። የቀረውን በረዶ ጨመረበት።

ዲሪቤ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው። እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ነመራ እንደ ድሮው፣ ዓይኗን ከመክፈቷ በፊት ፊቷን ያይ ነበር።

“ምን ይላል?” አላት።

“ጨዉ ትንሽ በዝቷል” አለች። እንባዋ ከንፈሯ ድረስ ወርዷል።

ኢቲቻ ተነሥቶ የወንድሙን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ነመራ በክንዱ ያዘው፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ዲሪቤ በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። “ነጋቲ” አለች በኦሮምኛ፤ በሰላም ማለቷ ነው። “ነጋቲ” አላት። በሚቀልጠው በረዶ መሐል እየረገጡ ሄዱ።

ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ከንፈሯ ባረፈበት በኩል ጨዉ ተገምሷል። ነመራ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያን ክፍተት አየው።

“ተኪላ የሌለው ማርጋሪታ ማርጋሪታ ይባላል?” ብሎ ጠየቀኝ። “ደምቢ ዶሎ ሩቅ ነው። ልጆቹ መንገድ ላይ ይጠማቸዋል።”

ተነሣና ከጠርሙሱ የቀረውን ተኪላ ሁሉ ጣሳው ላይ ገለበጠው። “ከፈለግህ ጠጣው፤ ካልሆነም ለቁስል ይሆናል” ብሎ ጣሳውን ሰጠኝ። ከዚያ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አጠበ። በአመድ አጠበ። የሎሚ ልጣጭ ከትቶ ናጠው። በዚያ ንጹሕ ጥፍሩ ወረቀቱን ከነሬት መሳዩ ተክል ልጦ አነሣ፤ የጸሎት ቤት ሰው አይቶ እንዳያማት ነው አለ። አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ።

“ሽታ አለው?”

አሸተትሁ። ከሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ የሆነ ነገር ነበር።

“የለውም” አልኩት።

ራሱ አሸተተና፣ “አንተም ውሸት ጀመርክ” ብሎ እንደገና ወደ ውሃው ወሰደው።

ማለዳ ስነሣ ጠርሙሱ በሎሚና በማር ውሃ ተሞልቶ፣ እንዳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። በወረቀት የቋጠራትን ጨው በአንገቱ ላይ በክር አስሮበታል። ነመራ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ብርጭቆው ሳይታጠብ፣ ወደ ጣውላው ተመልሶ ጨርቁን ለብሷል።

“አብሬህ ልምጣ?” አልኩት።

“ሎሚ ላቀብል ነው የምሄደው። አንተ ክፍል አለብህ፤ ልጆቹ ይጠብቁሃል።”

የግቢው በር ላይ ቆሜ አየሁት። ከጣሪያው ሥር የትናንቱ በረዶ ገና ነጭ ሆኖ ተቆልሏል። ቀዩ ጭቃ እንዳያንሸራትተው ዳር ዳሩን ይዞ፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ሳይቸኩል ይራመዳል። እትዬ ኡምሰልማ የሱቃቸውን መስኮት ሲከፍቱ አዩት።

“ነመራ፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ?” አሉት።

ነመራ ጠርሙሱን ትንሽ ከፍ አድርጎ አሳያቸውና፣ ዞር ሳይል መኪናው ወደሚነሣበት ገበያ ቁልቁል ወረደ።